«ከባድ የኢኮኖሚ ድቀት ይመጣል» የሚል የፖለቲከኛ ማስጠንቀቂያ በምን ይመዘናል?

ጥያቄ፦ ነዋሪ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ አሜሪካ ምርጫ ወይም የበጀት ክርክር በመጣ ቁጥር አንዱ ፖለቲከኛ «ይህ ሕግ ካልጸደቀ ኢኮኖሚው ገደል ይገባል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሕዝቡን እያስፈራራችሁ ገበያውን የምትገድሉት እናንተው ናችሁ» ብሎ ይመልሳል። ባራክ ኦባማ እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ የማነቃቂያውን በጀት ለማሳለፍ ሲናገሩ የተነሣው ክርክር ይኸው ነበር። በ2022 እና በ2023 እንደገና ሰማነው።

የትኛው ፓርቲ ልክ ነው የሚለውን አልጠይቅም። ማወቅ የምፈልገው ያኔ የተባለውና በኋላ የሆነው ጎን ለጎን ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል ነው። እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ከማስፈራሪያ በምን ይለያል? ወሬው ራሱ ድቀቱን ያመጣዋል የሚባለውስ ምን ያህል እውነት አለው? በመጨረሻም ቤተሰብ የሚያስተዳድርና ወደ አገር ቤት ገንዘብ የሚልክ ሰው ይህን ሲሰማ ምን ያድርግ? ቁጥር ያለው መልስ ብትሰጡኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ቁጥር ተከታይ

ከ2008 እና ከ2009 ልጀምር፤ ያኔ የሆነውን ሁለቱም ወገን ዛሬ በተሳሳተ መንገድ ነው የሚያስታውሰው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ «ምንም የለም፣ ተረጋጉ» የሚለውም ወገን ፖለቲከኛ እንደነበር ነው። በ2008 ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት የጆን ማኬይን የኢኮኖሚ አማካሪ የነበሩት ፊል ግራም በሐምሌ 2008 ድቀቱ በሰው አእምሮ ውስጥ ብቻ ያለ ነው ብለው ነበር። ሌማን ብራዘርስ የተባለው ትልቅ የኢንቨስትመንት ባንክ ኪሳራ ባወጀበት በመስከረም 15 ቀን ማኬይን ራሳቸው ጃክሰንቪል ላይ የኢኮኖሚያችን መሠረት ጠንካራ ነው አሉ። የድቀትን መጀመሪያና መጨረሻ የሚወስነው ብሔራዊ የኢኮኖሚ ጥናት ቢሮ በታኅሣሥ 1 ቀን 2008 ውሳኔውን ሲያሳውቅ ደግሞ ድቀቱ የጀመረው በታኅሣሥ 2007 ነው አለ። ግራም ያንን ሲናገሩ አገሪቱ ድቀት ውስጥ ከገባች ሰባት ወር ሆኗት ነበር ማለት ነው። ይፋዊው ማረጋገጫ የሚመጣው ነገሩ ካለፈ በኋላ ስለሆነ «ድቀት መሆኑ አልተረጋገጠም» የሚለው ክርክር ብቻውን ብዙም አይጠቅምም።

ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በመስከረም 24 ቀን 2008 ማታ ለሕዝቡ ያሰሙት ማስጠንቀቂያ ባንኮችን ለመታደግ ሰባት መቶ ቢሊዮን ዶላር የሚፈቅድ ሕግ ለማሳለፍ የቀረበ ነበር፤ ጥቅም የሚፈልግ ንግግር መሆኑ አያጠራጥርም። ግን ጉዳቱ በምን በኩል እንደሚመጣ በግልጽ ታይቶ ነበር። ሪዘርቭ ፕራይመሪ የሚባለው የገንዘብ ገበያ ፈንድ በመስከረም 16 ቀን አንዱ ድርሻ ከ1 ዶላር ወርዶ 97 ሳንቲም ሆነ። እንዲህ ያሉ ፈንዶች ለኩባንያዎች የአጭር ጊዜ ብድር ስለሚሰጡና ብዙ ድርጅት ደመወዝ የሚከፍለው በዚያ ብድር ስለሆነ፣ ባለገንዘቡ ሲሸሽ ጤነኛው ድርጅትም መያዙ አይቀርም። ባንኮች እርስ በርስ የሚበዳደሩበት ወለድ ከመንግሥት የሦስት ወር ቦንድ ወለድ ጋር ያለው ልዩነት በደኅና ጊዜ ከግማሽ የመቶኛ ነጥብ በታች ነው፤ በጥቅምት 2008 ከ4 የመቶኛ ነጥብ በላይ ወጣ። ይህ የማንም አስተያየት አይደለም፤ በየቀኑ ሊታይ የሚችል የገበያ ዋጋ ነው። ምክር ቤቱ በመስከረም 29 ቀን ሕጉን 228 ለ205 በሆነ ድምፅ ሲጥለው ዳው ጆንስ የተባለው የአክሲዮን ገበያ መለኪያ በዚያው ቀን 777 ነጥብ ወረደ፤ በጥቅምት 3 ቀን ጸደቀ።

አሁን ወደ ኦባማ። በየካቲት 9 ቀን 2009 ሥራ አጥነቱ ከ15 በመቶ ወዳለፈባት ኤልክሃርት፣ ኢንዲያና ሄደው ተናገሩ፤ ማታ በሰጡት መግለጫ ደግሞ ምንም ካልተደረገ ቀውሱ ወደ ጥፋት ይለወጣል አሉ። ተቃዋሚዎች ኢኮኖሚውን በአፋቸው እየገደሉት ነው አሏቸው፤ ቢል ክሊንተን እንኳ ተስፋም ጨምርበት ብለው መክረዋቸዋል። የ787 ቢሊዮን ዶላሩ የማነቃቂያ በጀት በየካቲት 17 ቀን ዴንቨር ላይ ተፈረመ።

ማስጠንቀቂያው ታዲያ የተጋነነ ነበር? በቁጥር ስናየው ያነሰ ነበር። የኦባማ ኢኮኖሚስቶች ክርስቲና ሮመርና ጃሬድ በርንስታይን በጥር 2009 ባወጡት ሰነድ በጀቱ ከጸደቀ ሥራ አጥነት ከ8 በመቶ እንደማያልፍ፣ ካልጸደቀ ግን ወደ 9 በመቶ እንደሚደርስ ገመቱ። በጀቱ ጸድቆም በጥቅምት 2009 ላይ 10 በመቶ ደረሰ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እጃቸው ላይ የነበረው መረጃ ገና ያልታረመ ነበር። የ2008 የመጨረሻው ሩብ ዓመት ምርት መጀመሪያ በዓመታዊ ስሌት 3.8 በመቶ ወረደ ተባለ፤ ከአንድ ወር በኋላ 6.2 ተባለ፤ በኋላ በተደረጉት እርማቶች ከ8 በመቶ አለፈ። የመስከረም 2008 የሥራ መቀነስም መጀመሪያ 159 ሺህ ተብሎ በኋላ ከ400 ሺህ በላይ ሆነ። በእኔ እምነት ስሕተቱ ማስጠንቀቃቸው ላይ ሳይሆን ገና በሚታረም መረጃ ላይ ተመሥርተው «8 በመቶ» የሚል ጥብቅ ቁጥር መስጠታቸው ላይ ነው። ያ ቁጥር ለዓመታት መከራከሪያ ሆኖባቸዋል።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ስትሰሙ ጉዳቱ በየት በኩል እንደሚመጣ ተነግሯል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ብድር ነው የሚቆመው? የውጭ ንግድ ነው? የመንግሥት ክፍያ? ይህ ከሌለ ንግግሩ ባዶ ነው። ካለ ደግሞ ያ ነገር በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ የሚለካበት ቁጥር ይኖረዋል፤ እሱን ፈልጉ።

መልስ፦ ከሎንዶን

ቁጥር ተከታይ ያልከው ለ2008 ይሠራል። ግን ጉዳቱ የሚመጣበት መንገድ በዝርዝር ተነግሮ፣ ቁጥሩም ተሰጥቶ ሳይሆን የቀረበት ጊዜ ስላለ እሱም ይታይ። በግንቦት 2016 የብሪታንያ ግምጃ ቤት ሕዝቡ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ከመረጠ በሁለት ዓመት ውስጥ ስለሚሆነው ትንበያ አወጣ። በቀላሉ ሁኔታ ምርት ካልወጣን ከሚደርስበት በ3.6 በመቶ ያንሳል፣ ለአንድ ዓመት የዘለቀ ድቀት ይኖራል፣ 520 ሺህ ሰው ሥራ ያጣል፤ በከባዱ ሁኔታ ደግሞ 6 በመቶና 820 ሺህ። ምርጫው ሊደረግ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ በሰኔ 15፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆርጅ ኦዝቦርን የ30 ቢሊዮን ፓውንድ ጉድለት ለመሙላት የገቢ ግብር መነሻው ከ20 ወደ 22፣ ቀጥሎ ያለው እርከን ደግሞ ከ40 ወደ 43 በመቶ ከፍ ይላል አሉ። ከራሳቸው ፓርቲ 57 የምክር ቤት አባላት ይህን በጀት አንደግፍም ብለው ወጡ።

ሕዝቡ መውጣትን መረጠ። ድቀት አልመጣም። ሥራ አጥነት ከ4.9 በመቶ ወደ 4 በመቶ ገደማ ወረደ፤ የተባለው የግብር ጭማሪም አልመጣም።

ለምን ተሳሳተ? ትንበያው የቆመባቸው ግምቶች ስላልሆኑ ነው። የመውጫውን ሒደት የሚያስጀምረው የኅብረቱ ውል አንቀጽ 50 ወዲያው ይጠራል ተብሎ ነበር፤ የተጠራው በመጋቢት 29 ቀን 2017 ነው። ማዕከላዊ ባንኩ ምንም አያደርግም ተብሎም ነበር የተሰላው። ባንኩ ግን በነሐሴ 4 ቀን 2016 ወለዱን ከ0.5 ወደ 0.25 አወረደ፣ 60 ቢሊዮን ፓውንድ የመንግሥት ቦንድና 10 ቢሊዮን የኩባንያ ቦንድ ለመግዛት ወሰነ። ሸማቹም ወጪውን አልቀነሰም።

ሙሉ በሙሉ ግን ባዶ አልነበረም። ፓውንድ ይወድቃል፣ ዋጋ ይንራል የተባለው ደርሷል፦ ፓውንድ በአንድ ሌሊት ከ1.50 ዶላር ወደ 1.33 አካባቢ ወረደ፣ የዋጋ ንረትም በኅዳር 2017 3.1 በመቶ ደረሰ። የኩባንያዎች ኢንቨስትመንትም ከ2016 በኋላ ለዓመታት ባለበት ቆመ። ሰው የሚያምታታው አንድ ነገር አለ፤ በሚያዝያ 2016 የወጣው «በየቤተሰቡ 4,300 ፓውንድ» የሚለው ስሌት የ15 ዓመት እንጂ የሁለት ዓመት ትንበያ አልነበረም። የአጭሩ ጊዜ ትንበያ መክሸፉ የረጅሙን ውድቅ አያደርገውም። «በ3.6 በመቶ ያንሳል» ማለትም ዛሬ ካለንበት ይወርዳል ማለት አይደለም፤ ሊደርስ ከሚችልበት ያንሳል ማለት ነው። የጋዜጣ ርዕስ ይህን ልዩነት ብዙ ጊዜ ይውጠዋል።

ሌላው፣ «ካልተደረገ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነገሩ ከተደረገ በኋላ ሊፈተን አይችልም። የዋይት ሐውስ የኢኮኖሚ አማካሪዎች በግንቦት 2023 የአሜሪካ የብድር ጣሪያ (መንግሥት በሕግ ሊበደር የሚችልበት ወሰን) ካልተነሣና መንግሥት ለረጅም ጊዜ ዕዳውን መክፈል ካቆመ 8.3 ሚሊዮን ሥራ ይጠፋል፣ የአክሲዮን ገበያ 45 በመቶ ይወርዳል ብለው ነበር። ስምምነቱ በሰኔ 3 ተፈረመ፤ ያ ሁሉ አልሆነም። ይህን «ዋሹ» ለማለትም «አዳኑን» ለማለትም ማስረጃ ማድረግ አይቻልም። ለእንደዚህ ዓይነቱ መጠየቅ ያለበት ቅድመ ሁኔታው የመሆን ዕድሉ ምን ያህል ነው የሚለው ብቻ ነው።

መልስ፦ ሠንጠረዥ አንባቢ

«ወሬው ራሱ ድቀቱን ያመጣዋል» ስለሚባለው ልመልስ። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የሸማቾች ስሜት መለኪያ በሰኔ 2022 ወደ 50 ወረደ፤ እስከዚያ ቀን ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅተኛው ነበር፤ በ2008 ቀውስ ጊዜ ከነበረውም ይበልጥ የወረደ። ቴሌቪዥኑ ሁሉ ድቀት ድቀት ይል ነበር። የዋጋ ንረት 9.1 በመቶ ደርሷል። ሥራ አጥነት ግን 3.6 በመቶ ነበር፤ ሰውም መግዛቱን አላቆመም፣ ምክንያቱም ደመወዙ በየሁለት ሳምንቱ ይገባለት ነበር። ሰው የሚናገረውና ካርዱን የሚጠቀምበት ሁኔታ ይለያያል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ወሬ በእርግጥ ይገድላል፤ እሱም ባንክ ነው። ባንክ የሰውን ተቀማጭ በረጅም ጊዜ ብድርና ቦንድ ላይ ስላዋለው ሁሉም በአንድ ቀን ቢጠይቀው መክፈል አይችልም። በመጋቢት 9 ቀን 2023 ከሲሊኮን ቫሊ ባንክ በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ተጠየቀ፤ በማግስቱ ተዘጋ። አብዛኛው ተቀማጭ ከመድን ወሰኑ በላይ ስለነበር ነው ሩጫው የበረታው። ስለዚህ ፖለቲከኛ የአንድን ባንክ ስም ጠርቶ ሲናገርና ስለ ጠቅላላ ኢኮኖሚው ሲናገር አንድ አይደለም።

የትኛውን ቁጥር እንደምትከታተሉ ልንገራችሁ። ከሁሉም ቀድሞ የሚደርሰው የሳምንቱ አዲስ የሥራ አጥ ክፍያ ጠያቂዎች ቁጥር ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ከጠዋቱ 8፡30 (በአበሻ አቆጣጠር 2፡30) ይወጣል። የአንድ ሳምንቱ በበዓልና በአውሎ ነፋስ ስለሚናጥ የአራት ሳምንቱን አማካይ ያዙ። በመጋቢት 2009 በሳምንት ከ650 ሺህ በላይ ነበር፤ በ2022 ጸደይ ላይ 200 ሺህ አካባቢ። ፖለቲከኛው እየጮኸ ይህ አማካይ ለሁለት ሦስት ወር ካልተነቃነቀ፣ ድቀቱ ቢያንስ ገና አልደረሰም።

ቀጥሎ በኢኮኖሚስቷ በክላውዲያ ሳም ስም የሚጠራው ስሌት አለ። የሦስቱን የቅርብ ወራት የሥራ አጥነት ምጣኔ ደምራችሁ ለሦስት አካፍሉ። ከዚያ ባለፉት 12 ወራት ከታየው ዝቅተኛ የሦስት ወር አማካይ ጋር አነጻጽሩ፤ በ0.5 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ የድቀት ምልክቱ ተነሥቷል። ምሳሌ፦ የግንቦት፣ የሰኔና የሐምሌ 2024 ምጣኔ 4.0፣ 4.1 እና 4.3 ነበር፤ አማካዩ 4.13። የዓመቱ ዝቅተኛ አማካይ 3.6። ልዩነቱ 0.53፤ ምልክቱ ተነሣ። በነሐሴ 2 ቀን ሪፖርቱ ሲወጣ ገበያው ደነገጠ። ድቀት ግን አልተከተለም። ሳም ራሳቸው ያኔውኑ አስጠንቅቀዋል፤ ምጣኔው ከፍ ያለበት አንዱ ምክንያት ሰው ከሥራ ስለተባረረ ሳይሆን አዲስ ሥራ ፈላጊ፣ በተለይ ስደተኛ፣ ስለበዛ ነበር። ስለዚህ ይህን ስሌት ከሐሙሱ ቁጥር ጋር አብራችሁ አንብቡት፤ ምጣኔው ሲያድግ የክፍያ ጠያቂው ቁጥር ካልጨመረ ማባረር የለም ማለት ነው።

የቦንድ ወለድ መገልበጥን፣ ማለትም የአጭር ጊዜው ወለድ ከረጅሙ መብለጡን፣ ብዙ ሰው የድቀት ምልክት ነው ብሎ ያምነዋል። የሁለት ዓመቱ ወለድ ከሐምሌ 2022 እስከ መስከረም 2024 ከአሥር ዓመቱ በልጦ ቆየ፤ ድቀት አልመጣም። «ሁለት ሩብ ዓመት ምርት ከወረደ ድቀት ነው» የሚለውም በአሜሪካ ይፋዊ መመዘኛ አይደለም። በ2022 መጀመሪያ ሁለቱም ሩቦች ወረዱ ተብሎ ስንት ተጮኸ፤ በኋላ በተደረገ እርማት ሁለተኛው ሩብ ትንሽ ዕድገት ሆኖ ተገኘ።

ጠያቂ፦ ነዋሪ ከአሌክሳንድሪያ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተምሬበታለሁ። የቤተሰቡ ጉዳይ ቀረ። በተለይ እዚህ አካባቢ ብዙው ሰው ወይ ዲሲ ገብቶ ይሠራል ወይ ኡበርና ሊፍት ይነዳል።

መልስ፦ የታክስ ባለሙያ

ይህን በቅደም ተከተል ባይሆንም ብዙ ሰው የሚጎዳበትን አስቀድሜ ልጻፍ።

የሥራ አጥ ክፍያ የሚጠየቀው በሚኖሩበት ሳይሆን በሠሩበት ግዛት ነው። አሌክሳንድሪያ እየኖረ ዲሲ የሚሠራ ሰው የሚያመለክተው ለዲሲ ነው። ብዙው ሰው ለቨርጂኒያ ያመለክትና ሳምንታት ያልፉበታል። ክፍያው የሚቆጠረው በጥቅሉ ካመለከቱበት ሳምንት ጀምሮ ስለሆነ በተባረሩበት ሳምንት ውስጥ ያመልክቱ፤ ከዚያ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ሥራ መፈለግዎን ማረጋገጥ አለብዎት፤ አንዱ ከተዘለለ ክፍያው ይቆማል። አብዛኞቹ ግዛቶች እስከ 26 ሳምንት ይከፍላሉ፤ ፍሎሪዳና ሰሜን ካሮላይና ግን ሥራ አጥነት ዝቅ ባለበት ጊዜ 12 ሳምንት ብቻ። ገንዘቡ የፌደራል ግብር አለበት፤ 10 በመቶው ቀድሞ እንዲቆረጥ ቅጽ መሙላት ይቻላል። ካልተቆረጠ በሚያዝያ ዕዳ ይሆናል።

በ1099፣ ማለትም ተቀጣሪ ሳይሆን በግሉ እንደሚሠራ ተቆጥሮ፣ የሚሠራ ሹፌር በጥቅሉ ይህ ክፍያ የለውም። በ2020 እና በ2021 የተሰጠው በኮቪድ ምክንያት ለብቻው የወጣ ሕግ ነበር፤ አሁን የለም። ስለዚህ ባል ኡበር እየነዳ ሚስት በደመወዝ የምትሠራ ከሆነ የመጠባበቂያው ገንዘብ ልክ መሰላት ያለበት የእሱ ገቢ ቢቋረጥ ምንም እንደማይተካው ታስቦ ነው። የኪራይ፣ የመኪና ክፍያ፣ የመድንና የምግብ ወጪን ብቻ ደምሩ፤ ለሦስት ወር ይበቃል የሚባለው በደመወዝ ለሚሠራ ነው፤ ለሹፌር ስድስት ወር ልበል።

ባንክ ያለ ገንዘብ በአንድ ሰው፣ በአንድ ባንክ፣ በአንድ የባለቤትነት ዓይነት እስከ 250 ሺህ ዶላር የባንክ ተቀማጭን በሚዋሰው የፌደራል ድርጅት በኤፍዲአይሲ የተጠበቀ ነው፤ የባልና ሚስት የጋራ ሒሳብ 500 ሺህ። ወሰኑ እስከ 2008 ድረስ 100 ሺህ ነበር፤ ያደገው ከላይ በተጠቀሰው የጥቅምት 3 ሕግ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ቤተሰብ በወሬ ተነሥቶ ገንዘቡን አውጥቶ ቤት ማስቀመጥ አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ለሌባና ለእሳት ያጋልጠዋል።

የጡረታ ቁጠባችሁን፣ 401 ኬን፣ በድንጋጤ አታውጡ። ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ከወጣ ከገቢ ግብሩ ሌላ ከወጣው ገንዘብ በጥቅሉ 10 በመቶ ቅጣት ይከፈላል። ከእሱ ብድር የወሰዳችሁ ደግሞ ሥራ ከለቀቃችሁ ያልተከፈለው ቀሪ እስከዚያ ዓመት የግብር ማስገቢያ ቀን ድረስ ካልተመለሰ እንደወጣ ይቆጠራል። ሥራ ባጣችሁበት ዓመት ይህ ይደርስባችኋል፤ አስቡበት።

የቤት ዋስትና ብድር መስመር ወይም ክሬዲት ካርድ መጠባበቂያ ነው ብላችሁ አትተማመኑ። በ2008 እና 2009 ባንኮች ክፍያ ያላጓደሉ ደንበኞችን መስመር ሳይቀር ቀንሰዋል፣ ዘግተዋልም። የሚቆረጠው ልክ በሚያስፈልግበት ጊዜ ነው።

ወደ አገር ቤት ስለሚላከው፦ ብር በሐምሌ 2024 መጨረሻ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንዱ ዶላር ከቀድሞው በጣም የበለጠ ብር ያመጣል፤ ዋጋውም አብሮ ወጥቷል። ገቢ ከቀነሰ ከቤተሰብ ጋር መነጋገር ያለባችሁ በብር በወር ስንት እንደሚያስፈልግ ነው፤ የዶላሩ ልክ ከዚያ ይወጣል። ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከአሜሪካ በጥሬ ገንዘብ ወይም በመኒ ኦርደር በሚላክ ላይ 1 በመቶ የፌደራል ግብር አለ፤ ከባንክ ሒሳብ ወይም እዚህ በተሰጠ ዴቢት ካርድ ሲላክ ግን የለም።

መልስ፦ ቁጥር ተከታይ

እቁብን ማንም አላነሣውም፤ በድቀት ጊዜ ግን ከባንክ ቀድሞ የሚናጋው እሱ ነው። እጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ሥራ ካጣ ቀሪውን መጣል ያቅተዋል፣ ኋላ ላይ የሚደርሳቸው ሰዎች ገንዘብ ይጎድላል፤ ምንም መድን የለውም። የሐሙሱ ቁጥር ለወራት ሲጨምር ካያችሁ አዲስ ዙር ሲጀመር መጣያውን ቀንሱ፣ ዙሩንም አሳጥሩ፤ 20 ሰው ከነበረ 10 ይሁን። ቀድሞ ለሚወስድ ሰው ሁለት ዋስ ይጠየቅ፤ ዋሶቹም ከእሱ ጋር አንድ መሥሪያ ቤት የማይሠሩ ይሁኑ፣ ምክንያቱም ማባረር ሲመጣ ሦስቱንም አንድ ቀን ነው የሚያገኛቸው።

መልስ፦ የታክስ ባለሙያ

ትክክል ነው። የእቁቡ ዳኛና ጸሐፊ ማን ስንት ጣለ፣ ማን ወሰደ የሚለውን በጽሑፍ ይዘው ሁሉም ይፈርምበት፤ የግብር ቢሮው በባንክ ሒሳብ ላይ የገባውን 20 ሺህ ዶላር ከየት ነው ብሎ ቢጠይቅ የራሳችሁ ቁጠባ እንጂ ገቢ አለመሆኑን የምታሳዩት በዚያ ወረቀት ነው።